ስለ አረጋውያን ቤት መከፈትና መዘጋት

አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሲከፈት ሕዝብ ይደሰታል፣ ሲዘጋም ያዝናል፤ ደስታውም ኀዘኑም የተገባ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቤት በገንዘብ እጦት ወይም በጠባቂ ማጣት በሩን በሚዘጋበት ጊዜ በእውነት የተዘጋው ምን እንደ ሆነ፣ ግድግዳውና ጣራው ብቻ ነው ወይስ ወላጆችን ስለ ማክበር በሲና ተራራ የተሰጠው ትእዛዝ ጭምር፣ ብሎ መመርመር ለአማኝ ልቡና የሚገባ ነው።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ፣ ቀጰዶቅያን ረኃብ ከመታት በኋላ፣ ከቂሳርያ ከተማ በአፍኣ ለነዳያን፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች ማረፊያ የሚሆን ሰፊ ቤት አሠርቶ ነበር፤ ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትም ከዕረፍቱ በኋላ በጻፈለት ውዳሴ ያን ስፍራ እንደ አዲስ ከተማ ቈጥሮ አመስግኖታል። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ በባስልዮስ ስም የሚጠራው ቅዳሴ ግን በሀገራችን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው። በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለው፣ ትውፊት ከአብርሃና ከአጽብሐ ዘመን የሚያደርሰው ዋሻ ሚካኤልም ፍርስራሽ ሆኖ ይታያል፤ የመልአኩ በዓል ግን ወር በገባ በ12 መከበሩ አልቀረም። ቤተ መቅደስ እንኳ ካረጀና ከፈረሰ፣ የአረጋውያን ቤት መዘጋቱ ብቻውን የሚያስደንቅ አይደለም።

ይልቁንስ የሚያሳስበው ማንም ሳያስተውለው የሚዘጋው ነው። በሀገራችን የአረጋውያን መጠጊያ ቀድሞ ልጅ፣ ዘመድና ደብር ነበር፤ ጧሪ የሌላት ባልቴት ቆብ ደፍታ፣ በቅጽሩ ጥግ ጎጆ ቀልሳ፣ ከሰንበቴውና ከዝክሩ እየተቋደሰች ዕለተ ሞቷን ትጠብቅ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት በሆነ ጊዜ፣ አድባራቱ ነዳያንን ይመግቡበት ከነበረው ሀብት ብዙውን አጡ። የተቈለፈ በር አልነበረም፤ ስለዚህም እንደ አንድ ቤት መዘጋት ያለቀሰለት የለም። ዛሬም በእንጦጦ ማርያም ደጅና በሽንቁሩ ሚካኤል ጠበል ዙሪያ የሚጠጉትን ድውያንና አረጋውያን የሚያይ ሰው የዚያን ሥርዓት ቅሪት ያያል።

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ነገር ሥርዓትን አስቀምጠዋል። በኢየሩሳሌም መበለቶች በዕለቱ ማዕድ ቸል በተባሉ ጊዜ ሐዋርያት እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት ዲያቆናትን ሾሙ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ያሏት መበለት አስቀድሞ በእነርሱ እንድትጦር፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብም በእውነት ብቸኛ ለሆነችውና 60 ዓመት ለሞላት እንዲጠበቅ አዘዘ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ችግረኛ ወላጅን ቀለብ የመስጠት ግዴታ በልጅ ላይ ጣለ። በመንፈሳዊውም በሥጋዊውም ሕግ ዘንድ፣ እንግዲህ፣ የአረጋውያን ቤት ዕዳውን የሚከፍለው ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ባለ ዕዳው ግን በስም ይታወቃል።

አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከልን ሲመሠርቱ ሥራውን የጀመሩት በወላጆቻቸው ቤት ነበር፤ ይህም የምጽዋት ቤት ሁሉ ከአንድ ቤተ ሰብ ደጅ መስፋት እንደሚወለድ ያስረዳል። ወደዚያ ማእከል የልደቱን፣ የሠርጉን ወይም የሙት ዓመቱን ድግስ ይዞ የሚሄደው የአዲስ አበባ ሰው ምግባረ ሠናይ ማድረጉ አያጠራጥርም። ነገር ግን የገዛ እናቱ ጠያቂ አጥታ ሳለች በማያውቃቸው አረጋውያን መካከል ማዕድ ቈርሶ ኅሊናውን የሚያሳርፍ ቢኖር፣ ለወላጅ የሚገባውን መባ ነው ብለው ከወላጅ የነሡትን ጌታ የገሠጸበት ቃል ወደ እርሱም ይደርሳል።

አንዳንዱ ሽማግሌ ልጅ እንደሌለው፣ አንዱም ልጁ በአረብ ሀገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትልከው ገንዘብ አልበቃ እንዳለው፣ ሌላውም በአንዲት የኪራይ ክፍል ከአምስት ነፍስ ጋር ተጨናንቆ ከሚኖር ልጅ የሚጠብቀው እንደሌለ የታወቀ ነው፤ ለእነዚህ ቤቱ መኖር አለበት፣ በቸልታ ቢዘጋም ነውሩ የከተማው ሁሉ ነው። ዘመድ መጥቶ አረጋዊውን ወደ ቤቱ ስለ ወሰደ አንድ አልጋ ባዶ ቢቀር ግን፣ ያ ለቤቱ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ፍሬ ሊቈጠርለት ይገባል። ስለዚህ የአረጋውያን ቤት በተዘጋ ቀን የበጀቱን ጉድለት ከመመርመር ጋር፣ ከበሩ የወጡት እያንዳንዳቸው የማን አባትና የማን እናት እንደ ሆኑ መጠየቅ የግድ ነው፤ ትእዛዙ የተሰጠው ለሰው እንጂ ለግንብ አልነበረምና።