ከዘመድ ርቀው ለሚጋቡ ሽማግሌያቸው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጋብቻ የሚጀምረው በሰርግ ቀን አይደለም። ጋብቻ የሚጀምረው በቃል ነው፤ ይኸውም አንዱ ወገን ሲጠይቅ ሌላው ወገን ሲመልስ ነው። በአገራችን ልማድ የወንዱ አባት የተከበሩ ሽማግሌዎችን መርጦ ወደ ልጅቱ ወላጆች ቤት ይልካል። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ ቢባሉ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡም፤ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ይለምናሉ። የልጅቱ ወላጆች ደግሞ ነገሩን ቢወዱትም እንኳ በዚያው ቀን እሺታቸውን አይሰጡም፤ ዘመድ እናማክር ብለው ቀጠሮ ይሰጣሉ።

ይህ መመላለስ ለወግ ያህል ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን አይደለም። በቀጠሮው መካከል ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ የልጁ ጠባይ ይጠየቃል፤ ከሁሉም ይልቅ ከዚህ በፊት ሚስት ያገባ እንደ ሆነ ይመረመራል። እንግዲህ ሽማግሌ መላክ ማለት ሐሰት ወደ ትዳር እንዳይገባ በር ላይ ዘበኛ ማቆም ማለት ነው።

ከጅጅጋ በስተ ደቡብ በጀረር ሸለቆ በምትገኘው በደገሀቡርና እርሷን በመሳሰሉት ከተሞች የሚኖሩ ምእመናን ግን ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። አንዱ በውትድርና፣ አንዱ በመንግሥት ሥራ፣ አንዱ በንግድ፣ አንዱ በግንበኝነት ከጎጃም ወይም ከወሎ፣ ከጎንደር ወይም ከሸዋ መጥቶ ይኖራል። የወንዱ አባት በአንድ አውራጃ፣ የልጅቱ እናት በሌላ አውራጃ ስለሆኑ ላኪም ተላኪም የለም። ስለዚህ ብዙዎች ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳይመልስ፣ የቤት ኪራይ ለመጋራት ያህል አብረው ይገባሉ፤ ዓመት ያልፋል፤ ልጅ ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ባልና ሚስት ይላቸዋል። በቀድሞ ዘመንም መንገደኛ ነጋዴና ዘማች በየደረሰበት የደሞዝ ጋብቻ የሚባለውን ያደርግ እንደ ነበር ይታወቃል። ያ እንኳ ቢሆን ውልና ዋጋ የተነገረበት ነበር፤ የዛሬው ግን አንዳች ቃል የለበትም።

አንባቢ ሆይ፤ ዘመድ ሩቅ ነው ማለት ጠያቂ የለም ማለት ነውን? መጻሕፍት እንዲህ አያስተምሩንም። በመጽሐፈ ጦቢት የተጻፈውን አስብ። ጦብያ ወላጆቹን በነነዌ ትቶ ወደ ሜዶን አገር የሄደ መንገደኛ ነበር። በዚያም ሣራን ሲያገባ አባቱ በአጠገቡ አልነበረም፤ ነገር ግን ያለ ሽማግሌ አልቀረም። ስለ እርሱ ለራጉኤል የተናገረለት መልአኩ ሩፋኤል ነው። ራጉኤልም ልጁን ከመስጠቱ በፊት አስቀድሞ ያገቧት ሰባት ሰዎች እንደ ሞቱ ሳይሸሽግ ነገረው፤ ከዚያ በኋላ የጋብቻውን ውል ጽፎ አተመ። ሙሽሮቹም አስቀድመው ወደ እግዚአብሔር ጸለዩ። እነሆ በስደት አገር በተደረገ በአንድ ጋብቻ ውስጥ ሽማግሌም፣ እውነትም፣ ጽሑፍም፣ ጸሎትም ተገኙ።

ሩትም እንዲሁ ናት። ሞዓባዊት ስለሆነች በቤተ ልሔም የሚቆምላት አባትም ወንድምም አልነበራትም። ቦዔዝ ግን ዘመድ የላትም ብሎ በስውር አልወሰዳትም፤ ወደ ከተማው በር ወጥቶ ዐሥር ሽማግሌዎችን አስቀምጦ በፊታቸው ነገሩን ፈጸመ። ከዚህ ጋብቻ ዘር ዳዊት ተወለደ፤ ከዳዊትም ዘር መድኃኒታችን በሥጋ ተገለጠ።

ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎችም በሃይማኖት ከእኛ ቢለዩ በዚህ ነገር ሊያስተምሩን ይችላሉ። በእነርሱ ዘንድ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ወደ ልጅቱ ወገን ሄደው ይጠይቃሉ፤ ያራድ የሚባለውን ጥሎሽ ይነጋገራሉ፤ ኒካሑም በምስክር ፊት ይታሰራል። በአንድ ከተማ ስንኖር እነርሱ ሴት ልጃቸውን አስጠይቀው ሲድሩ የእኛ ልጅ ያለ ጠያቂ ብትሄድ የሚያሳዝን ነው።

ይሁን እንጂ ሽማግሌ መላክ ብቻውን ይበቃል አንልም። ርብቃን ለይስሐቅ ሊወስዳት የመጣው ሎሌ ከቤተ ሰቧ ጋር ተነጋግሮ ከጨረሰ በኋላ እንኳ ወንድሟና እናቷ እርሷን ጠርተው ፈቃዷን ጠየቋት፤ እሄዳለሁ ብላ በአፏ መለሰች። ይህም በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 24 ተጽፏል። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 24 ስለ ማጨትና ስለ ጋብቻ ሲደነግግ የሁለቱን ፈቃድ ይሻል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ እንዲመሠረት አዟል። እንግዲህ ወላጆችን ጠይቆ ልጅቱን ያልጠየቀ ግማሹን ብቻ ጠይቋል። በጠለፋ ወስዶ በኋላ ሽማግሌ የሚልክም ኃጢአቱን በካባ ይሸፍናል እንጂ አላጨም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባት እንኳ ከቅጣት ነጻ አያወጣውም።

ያለ ጥያቄ የተገባበት ትዳር ጉዳቱ የሚታወቀው በመከራ ቀን ነው። በሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ የተነሣው ሁከት ወደ ደገሀቡርና ወደ ሌሎች ከተሞች በደረሰ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትና ምእመናን ሞቱ፤ ብዙ ሰዎችም ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። እንዲህ ባለ ቀን ባሏ የሞተባት ሴት ሚስቱ መሆኗን ማን ይመሰክርላታል? የልጆቿን አባት ማን ይናገርላታል? ወረቀት በእሳት ይጠፋል፤ ምስክር የሆኑ ሽማግሌዎች ግን ቢሰደዱም ቃላቸውን ይዘው ይሰደዳሉ። ወይም ደግሞ ባሏ በአገሩ በቁርባን ያገባት ሌላ ሚስት እንዳለችው ልጅ ከወለደች በኋላ ብትሰማ፣ አስቀድሞ የሚመረምር ሰው በማጣቷ ሁለት ሴቶች በአንድ ቀን ያለቅሳሉ።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ከዘመድ ርቆ ለሚኖር ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ዘመዱ ናት። የንስሐ አባቱ እንደ አባት ሆኖ ይላክለት፤ ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከማኅበሩ የታወቁ ሦስት ሰዎች ሽማግሌ ይሁኑለት። ልጅቱም ወላጆቿ ሩቅ ከሆኑ የንስሐ አባቷና በከተማው እንደ እናት የምታያት አንዲት ባልቴት በእነርሱ ፈንታ ተቀምጠው ይቀበሉላት። የሁለቱም ወላጆች በስልክ ይጠየቁ፤ ስለ ወንዱም ስለ ሴቲቱም ከየትውልድ ደብራቸው ካህን ምስክርነት ይምጣ። ድግስ የለኝም የሚል ቢኖር መጠየቅ ድግስ አይደለም እንበለው፤ ሦስት ሽማግሌ ለመላክ ሰንጋ መጣል አያስፈልግም።

ሳይጠያየቁ አብረው የገቡትንም አንናቃቸው። ባልና ሚስት እንዳትባሉ ብለን ከደጅ ብናርቃቸው ልጆቻቸውን እናጠፋለን። ይልቁንም የዘገየው ጥያቄ ዛሬ ይጠየቅ፤ ሽማግሌ ወደ ወላጆቻቸው ይላክና ይቅርታ ይለመንላቸው፤ ከዚያም በንስሐ ታጥበው ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቅረቡ። ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፤ ይህ ሥራ የእኛ ነው። እነርሱ እስኪጠሩን አንጠብቅ፤ ራሳችን ወደ ቤታቸው ሄደን በደጃቸው እንቁም።

ቅዱስ ሩፋኤልን ለጦብያ የላከ አምላክ ለልጆቻችንም እውነተኛ ሽማግሌ ይላክላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።