የተገዛ ቅድና የሰፊዋ ፍርድ

የሰው ልጅ ሥራ ከእንስሳ እንቅስቃሴ በምን ይለያል ለሚለው የቆየ ጥያቄ ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው «ካፒታል» አንደኛ ቅጽ ውስጥ መልስ ሰጥቷል። ንብንና የሕንፃ ባለሙያን አነጻጽሮ፣ ልዩነቱ በእጅ ብልኀት ሳይሆን ሥራው አስቀድሞ በሐሳብ በመታቀዱ ላይ መሆኑን አመልክቷል። መልሱ ብርቱ ነው። ይሁን እንጂ ሌላ ጥያቄ አስከትሎ ይመጣል፦ ዕቅዱ የሌላ ሰው፣ እጁ ብቻ የራስ የሆነበት ሥራ የማን ይባላል?

ጥያቄው በረቀቀ ቋንቋ ሲነሣ ሩቅ ይመስላል። በአንድ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ግን ቅርብ ነው። አንዲት ሴት የታተመ የልብስ ቅድ ገዝታ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሹራብ ጨርቅ ዘርግታ፣ ለራሷ ካናቴራ ልትሰፋ ተነሥታለች እንበል። የአንገቱ ስፋት፣ የእጅጌው ርዝመት፣ የብብቱ ጉብጠት፣ የስፌቱ ቅደም ተከተል ሁሉ በወረቀቱ ላይ ተወስኗል። ሥራው ሲያልቅ ለጠየቃት ሁሉ «ራሴ ሠራሁት» ትላለች። እውነት ተናግራለችን?

ወረቀቱ ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስተርሊንግ በምትባል ከተማ ልብስ ሰፊ የነበረው ኤቤኔዘር በተሪክ እ.ኤ.አ. በ1863 በልዩ ልዩ ቁጥር የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ ለገበያ አቀረበ። ቀደም ሲልም የታተመ ቅድ ነበረ፤ ነገር ግን በአንድ መጠን ብቻ ይዘጋጅ ስለነበረ ማስፋቱና ማጥበቡ ለገዢው የተተወ ነበር። አይዛክ ሲንገር በ1851 በስሙ ያስመዘገበው የስፌት መኪና ወደየቤቱ ሲገባ ወረቀቱም አብሮት ገባ። በጀርመን ኤነ ቡርዳ በ1950 የጀመረችው መጽሔት ብዙም ሳይቆይ የቅድ ወረቀት አያይዞ ማውጣት ያዘ። በምሥራቅ ጀርመን በላይፕሲግ ይታተም የነበረው «ፕራሞ»ም እንዲሁ ለቤት ሰፊዎች ቅድ ያቀርብ ነበር። የቡርዳ መጽሔት በ1987 በሩስያ ቋንቋ በሶቪየት ኅብረት መታተም ሲጀምር፣ በአንድ በኩል የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የነበረው ወረቀት በሌላ በኩል የሱቁ መደርደሪያ የነፈገውን ልብስ ማግኛ ሆነ። ችግር ያስገደደው ስፌት በፈቃድ ከተሰፋው ያነሰ ፈጠራ አለው ብሎ መፍረድ ግን አያስኬድም። መርፌው የሚጠይቀው ጥያቄ በሁለቱም ቤት አንድ ነው።

ክሱን በቅንነት ማቅረብ ይገባል። በተገዛ ቅድ የሚሰፋ ሰው የማሰቡን ሥራ ለኩባንያ አስረክቦ ለራሱ ያስቀረው ድካሙን ብቻ ነው ሊባል ይችላል። በልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ የሚገጥመው ሠራተኛ ዕቅዱ የእርሱ አይደለም፤ በዚህ አነጋገር የቤቷም ሰፊ ያልተከፈላት የፋብሪካ ሠራተኛ ትሆናለች። ያልተከፈላት መሆኑማ አያጠያይቅም። የእጅ ሥራን ንቆ ማለፍ በአገራችንም ሥር የሰደደ ነበርና፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰው በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ የተነገረው ስለ ቀጥቃጩና ስለ ሸማኔው ነበር፤ በጓዳ ውስጥ የሚሰፋ፣ የሚጠገንና የሚጠለፍ ሥራ ግን ለስድብ እንኳ ሳይበቃ «የሴት ሥራ» ተብሎ ሳይቆጠር ኖሯል።

ሆኖም በፋብሪካው ሠራተኛና በቤቷ ሰፊ መካከል አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ቅዱን የመለወጥ ሥልጣን የለውም። ሁለተኛዋ አላት። ጥያቄው እንግዲህ በዚህ ሥልጣን ትጠቀምበታለች ወይ የሚል ነው፤ ለዚህም የሹራብ ጨርቅ ከማናቸውም የተሻለ መፈተኛ ነው።

በሸማ ድርና ማግ ቀጥ ብለው እየተላለፉ ይያያዛሉ። ጨርቁ በርዝመቱና በወርዱ አይለጠጥም፤ በወረቀቱ ላይ አርባ የተባለው በጨርቁም ላይ አርባ ነው። በሹራብ ግን ክሩ እየታጠፈ ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቱም በሌላው ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ይሳባል፣ ይሰበሰባል፣ ሲታጠብ ያጥራል፣ በራሱ ክብደት ይረዝማል። በዚህ ምክንያት ለረጅም ጊዜ የሹራብ ጨርቅ የፋብሪካ እንጂ የቤት ስፌት አይደለም ይባል ነበር። ዚግዛግ የሚሰፋ የቤት መኪና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲስፋፋ፣ በ1960ዎቹም እ.ኤ.አ. አን ፐርሰን በኦሬገን፣ ኬርስቲን ማርቴንሰን በሚኒያፖሊስ ለዚሁ ጨርቅ የሚሆን ቅድና የአሰፋፍ ትምህርት ለቤት ሰፊዎች ሲያቀርቡ ነገሩ ተለወጠ።

እንዲህ ያለ ቅድ በተሸጠበት ፖስታ ጀርባ ላይ አንድ መስመር ታትሞ ይገኛል። ጨርቁን አጥፈሽ ከዚህ እስከዚህ ድረስ ካልተሳበ አይሆንም የሚል መለኪያ ነው፤ ለምሳሌ አሥር ሴንቲሜትሩ አሥራ ሦስት ከግማሽ እንዲደርስ ይጠይቃል። መለኪያው ትሑት ነው፤ ወረቀቱ ጨርቁን እንደማያውቀው በራሱ ጀርባ ላይ ያመነበት ምስክርነት ነው። አብዛኛውን ጊዜም የሚጠይቀው ስለ መሳብ ብቻ ነው። ተስቦ የማይመለስ ጨርቅ ፈተናውን አልፎ፣ ከሁለት ቀን ልብሰት በኋላ ክርኑና ወገቡ ላይ ረግቦ ይቀራል። መመለሱን የምትመረምረው እጅ ናት። አንገቱን የሚከፍፈውን ጥብጣብም እንውሰድ። ከአንገቱ ዙሪያ አጥሮ መቆረጥ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ሰማንያ አምስት በመቶ ያህል ይባላል። ጥብጣቡ ለስላሳና ተለጣጭ ከሆነ ከዚያም ያጥራል፤ ደረቅ ከሆነ ይረዝማል። ቢረዝም ከደረት ላይ ተነሥቶ ይንሳፈፋል፣ ቢያጥር ዙሪያውን ያጨማድዳል። ወረቀቱ አንድ ርዝመት ብቻ ጽፏል። ትክክለኛውን የምታገኘው በእጇ ስባ፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ፣ ነቅላ፣ ዳግም አያይዛ ነው። ይህ ትእዛዝ መፈጸም አይደለም።

ከጨርቁ የሚከብደው ገላ ነው። ታላላቆቹ የአሜሪካ የቅድ ኩባንያዎች ለብዙ ዓመታት ልብሱን የነደፉት በአንድ የደረት ሙላት ላይ ተመሥርተው ነው። ቁጥሩ ቢበዛም ሙላቱ ያው ነው። እንግዲህ ትከሻዋ ጠባብ፣ ደረቷ ሙሉ የሆነች ሴት በደረቷ ልክ ብትገዛ ትከሻው ይወድቅባታል፤ በትከሻዋ ልክ ብትገዛ ደረቱ ያጥራታል። የሸማ ልብስ ቢሆን ኖሮ አይዘጋምና ስሕተቱን ይናገር ነበር። ሹራብ ግን ይታገሣል፤ ተለጥጦ ይሸፍናል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የጨርቁ ትዕግሥት ሰፊዋን ያሰንፋታል። ልብሱ ገባልኝ ብላ ታልፋለች፤ ግን የፊቱ ጠርዝ ከኋላው ከፍ ብሎ፣ ከብብቱ ወደ ደረት የተሳበ መስመር ታይቶ ይኖራል። ከዚህም የሚከፋው፣ በመስተዋት ፊት ቆማ ጥፋቱን በገዛ ገላዋ ላይ ማየቷ ነው። «ትከሻዬ ነው የተበላሸው» ስትል ይሰማል። የትኛውም ሰው በወረቀት መሠረት አልተወለደም፤ ወረቀቱም የሚወክለው ሴት በሕይወት የለችም።

አርስቶትል በ«ኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» አምስተኛ መጽሐፍ ስለ ሕግና ስለ ርትዕ ሲናገር የሌስቦስ ደሴት ግንበኞችን መለኪያ ያነሣል። መለኪያው ከእርሳስ የተሠራ ስለነበረ የድንጋዩን ቅርጽ ተከትሎ ይታጠፍ ነበር። ለርሱ ይህ የሕግ መጣስ ምሳሌ አይደለም፤ አጠቃላይ ሕግ ያልገመተው ነገር ሲያጋጥም የሚያስፈልገው ማስተካከል ምሳሌ ነው። ቅዱን ከደረቱ ላይ በመቀስ ከፍታ፣ ሁለቱን ክፋይ አራርቃ ከሥር ወረቀት የምትለጥፍ ሰፊ ቅዱን አልናቀችውም። የትከሻውን፣ የእጅጌውንና የአንገቱን ዕውቀት ተቀብላ፣ ያልታየላትን አንድ ነገር ጨምራበታለች።

ይህ ሲባል ማናቸውም ለውጥ እኩል ነው ማለት አይደለም። ኪስ መለጠፍ፣ ቀለም መቀየር፣ አበባ መጥለፍ ያስደስታል፤ የልብሱን አቋም ግን አይነካም። ብዙዎች «የራሴ አደረግሁት» የሚሉት ይህንን ነው፤ አባባሉ ትንሽ የተጋነነ ነው። ጥልፍ የሌለበት፣ ቀለሙም የደበዘዘ ካናቴራ ትከሻው በቦታው ከዋለ የበለጠ ሐሳብ የወጣበት ሊሆን ይችላል፤ ምንም እንኳ ይህን ከሩቅ የሚያይ ባይኖር።

የቀረው የሐቀኝነት ጉዳይ ነው። በብዙ ፖስታ ላይ ቅዱ ለግል የቤት ስፌት እንጂ ለንግድ አይደለም ተብሎ ተጽፏል። ነዳፊው የደከመበት እንዳለ መካድ አይገባም፤ ሰፊዋም የቅዱን ቁጥር ለጠየቃት ብትነግር ክብሯ አይቀንስም። እንዲያውም ሥራን በሚያውቁ ሰፊዎች መካከል ጥያቄው «ማን ነደፈው?» ብሎ አያበቃም፤ «ምኑን ለወጥሽው?» የሚለው ይከተላል። «ራሴ ሠራሁት» ያለችው ሴት ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካላት አልዋሸችም። መልስ ከሌላትም ገና እየተማረች ነው እንጂ ውሸታም አትባልም፤ የመጀመሪያውን ካናቴራ በትእዛዙ ብቻ ያልሰፋ ማን አለ?

ጎረቤቷ ልብሱን አይታ ቅዱን ትለምናት ይሆናል። በእጇ ያሉት ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ አንዱ ከሱቅ እንደመጣ ያልተነካ፣ ሌላው በእርሳስ የተሰመረበት፣ ከደረቱ ተከፍቶ የተለጠፈ፣ የእጅጌው ጫፍ ሁለት ሴንቲሜትር የወረደ። የደከመችበትን ሁለተኛውን ብትሰጥ ቸርነት ይመስላል፤ ለጎረቤቷ ግን የሌላ ሴት ገላ ነው። ያልተነካውን አውጥታ፣ ከላዩ ላይ ሜትሩን ታስቀምጥላታለች።