ያልዘሩትን ማሳደግ

«ይሄማ ማሽኑ የሠራው ነው!» በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ክራር የሚገርፍ ጣቱ ይሻክራል፤ መሰንቆ የሚመታ ክንዱ ይዝላል፤ ዘፋኝ ጉሮሮው ይታመማል። የኮምፒውተሩ ሰው ግን ተቀምጦ ይውላል፣ ድምፁም የራሱ አይደለም። ከአንዱ ዘፈን ከበሮ፣ ከሌላው እልልታ፣ ከመንገድ የባጃጅ ጡሩንባ ይወስዳል። ይቆርጣል፣ ይደጋግማል፣ ያዛባል፤ በመጨረሻም ስሙን ይጽፍበታል። ታዲያ ምኑን ሠራው?

ጥያቄው የአላዋቂ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ከሥሩ አንድ የቆየ እምነት አለ፤ ሠሪ የሚባለው ሥራውን ከራሱ ያመነጨ ብቻ ነው የሚል። ይህን እምነት ከጌዴኦዋ ከተማ ከዲላ ሆኖ መመርመር ይጠቅማል። የጌዴኦ ምድር ለዚህ ክርክር የሚያቀርበው ምስክር አለውና። ወደ ምስክሩ ከመሄዳችን በፊት ግን ነገሩ ከተጀመረባቸው ቦታዎች ወደ አንዷ፣ ወደ ካይሮ ጎራ እንበል።

ሐሊም ኤል-ዳብ በ1921 ካይሮ ውስጥ ተወለደ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው ግብርና ነው፤ ሙዚቃን የያዘው ከጎን ነበር። በ1944 ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ድምፅን በሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሶ ሴቶች የዛር ሥርዓት የሚያካሂዱበት ቦታ ሄደ፤ ዜማቸውንም ቀረጸ። ዛር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ተሻገረ የሚሉ ተመራማሪዎችም ጥቂት አይደሉም። ወጣቱ የቀረጸውን ይዞ ወደ ጣቢያው ተመለሰና በማስተጋቢያ ክፍል ውስጥ እየለቀቀ፣ የክፍሉን ግድግዳዎች እያንቀሳቀሰ ደጋግሞ ሠራበት። የዜማውን መሠረታዊ ድምፆች ቀስ በቀስ አወጣቸው፤ ከላያቸው የሚንሳፈፉትን ቀጫጭን ድምፆችና ማስተጋባታቸውን አስቀረ። መጨረሻ ላይ የተገኘው ነገር ሴቶቹ የዘፈኑት ዘፈን አልነበረም። ያለ እነሱ ግን አንዲት ቅንጣት ድምፅ አይኖረውም ነበር።

ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በፓሪስ የባቡር ድምፅ ቀርጾ ዝነኛውን ሥራውን ያሰማው በ1948 ነው። የካይሮው ወጣት አራት ዓመት ቀድሞታል። ከሁሉ የሚገርመው ሥራው የቀረበበት ቦታ ነው፤ ሰዎች የሰሙት በሥዕል ማሳያ አዳራሽ ውስጥ ነው። መድረክ ላይ የሚወጣ ተጫዋች የለም፤ እጅ ነሥቶ ጭብጨባ የሚቀበልም የለም። ያለው ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው፤ ታዳሚው ቆሞ ሥዕል እንደሚያይ ቆሞ ያዳምጣል። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛ ወደ ሥነ ጥበቡ ዓለም የሚያዘነብለው እንዲያው ለፋሽን አይደለም። እጁ የሚሠራው ሥራ ከክራር መቺው ይልቅ ለቀራፂው ይቀርባል። የሐሊም የኋላ ዘመንም ይህንኑ ይመሰክራል፤ በ1958 ለዳንሰኛዋ ለማርታ ግራሃም ውዝዋዜ ድርሰት ሠራ፤ በ1959 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያና የፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ገባ፤ ኋላም በጊዛ ፒራሚዶች ለሚታየው የድምፅና የብርሃን ትርዒት ሙዚቃ ደረሰ።

እንግዲህ ይህ ሰው በ1944 ምን ሠራ? ዜማውን አልደረሰም። ግጥሙን አልገጠመም። ከበሮውን አልመታም። ያደረገው ሁሉ ሲጠቃለል ይህ ይቅር፣ ይህ ይውጣ ማለት ነው። ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት የእግዜር ሥራ ነው፤ ሰው ሠሪ ቢባል ባለ ነገር ላይ በመሥራቱ ነው። ይህን ማንም አይክድም። ክርክሩ የሚነሣው ነገሩ ምን ያህል ሲለወጥ ነው የኔ የሚባለው በሚለው ላይ ነው። ድንጋዩን ሐውልት ያደረገውን ሰው ቀራፂ ለማለት አንቸገርም፤ ድንጋዩ ከዚያ በፊት ሐውልት አልነበረምና። ድምፁን የወሰደው ሰው ግን የወሰደው ቀድሞም ሙዚቃ የነበረን ነገር ነው። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ምስክሩ ይቅረብ። ከዲላ ወጥቶ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚሄድ እንግዳ በመኪና መስኮት የሚያየውን ጫካ ይለዋል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ መሀል ቡና፣ ከታች ጎደሬና ጎመን። ጠጋ ብሎ የጠየቀ ግን ያየው ሁሉ የሰው ማሳ መሆኑን ይረዳል። ብርብራው ከዛፉ በወደቀ ዘር በራሱ ሊበቅል ይችላል፤ እንዲቆይ የወሰነው ግን ገበሬው ነው። ከብዙ ችግኝ ጥቂቱን ያቆያል፤ ቅርንጫፉን መልምሎ ለቡናው የሚበቃውን ያህል ፀሐይ ያስገባለታል። የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን ያደልባል። እንሰቱ በግንዱ ውኃ ይዞ በጋውን ይሻገራል። በአገራችን እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ሰው ከሰፈረባቸው ገጠሮች አንዱ የሆነው ይህ ገደላማ ምድር ልብሱን ሳይጥል የኖረው በዚህ ብልሃት ነው። ዩኔስኮም በመስከረም 2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ደን ብቻ አልነበረም፤ የሰው ሥራ ነው።

ይህን ማሳ ማን ሠራው ብሎ ለሚጠይቅ፣ ገበሬው ብርብራውን አልፈጠረም፣ ብዙውንም አልዘራም ብሎ መመለስ እውነት ነው፤ ግን ከንቱ እውነት ነው። ለአንድ ሃያ ዓመት እጁን ቢያነሣ ማሳው ማሳ መሆኑ ይቀራል። እዚያ ያለው ሥራ በዋናነት የሚታየው በቆመው ዛፍ ሳይሆን በሌለው ዛፍ ነው፤ የሌለው ደግሞ ለእንግዳ ዓይን አይታይም። በኮምፒውተር የሚሠራውን ሙዚቀኛ ሥራ ፈት የሚያስመስለውም ይኸው ነው። አድማጩ የቀረችውን አራት ሰከንድ ይሰማል፤ ለእሷ ሲባል የተጣለውን የሦስት ሰዓት ቅጂ አይሰማም። ሁለቱም ሙያቸው መተው ነው፤ የመተው ሙያ ደግሞ በባሕርይው ይደበቃል።

እዚያው ጌዴኦ ውስጥ ሌላም ምስክር ቆሟል፤ ይኸኛው ድንጋይ ነው። በቱቶ ፈላ የተተከሉትን ትክል ድንጋዮች ያጠናው ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዠ ዡሶም ከድንጋዮቹ ጥቂት የማይባሉት ሁለት ጊዜ መቀረጻቸውን አሳይቷል። መጀመሪያ የወንድ ብልት ቅርፅ የነበራቸውን፣ በኋላ የመጣ እጅ የሰው ፊትና አካል ቀርጾባቸዋል። ሁለተኛው ቀራፂ አዲስ ድንጋይ አጥቶ ይሆን? አካባቢው ድንጋይ የሚቸግረው አይደለም። ቀድሞ የቆመውን መርጦ ነው የሠራበት፤ የፊተኛውንም ቅርፅ ፈጽሞ አላጠፋውም፤ ዛሬ ያየነው አሻራው ስለቀረ ነው። ይህ ሰው ሌባ ነው ወይስ ሠሪ? እኔ ሠሪ ነው እላለሁ። የፊተኛው ቀራፂ ግን ዝም ብሎ አላለፈም፤ በኋለኛው ሥራ ውስጥ ቆሟል። በሙዚቃም የሌላውን ድምፅ የወሰደ ሥራ መልካም የሚሆነው የቀድሞው ባለቤት ከውስጡ ሲሰማ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለሙዚቀኛው የሚያደላ ነው። ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታ ግን አለ፤ ዋናው ቁም ነገርም ያለው እዚያ ነው። ገበሬው የመረጠው ማሳ ላይ ይኖራል። ያልተገባ ዛፍ ቢቆርጥ ቡናው ይጠወልጋል፣ አፈሩ በዝናብ ተጠርጎ ከደጁ ያልፋል፤ ጎረቤቱም ይጠይቀዋል። ያሻውን ሁሉ የመቁረጥ ሥልጣንም የለውም፤ የማይነኩ ዛፎችና የሽማግሌዎች ጥበቃ ያለባቸው ቅዱስ ደኖች አሉ፤ ነገር ሲመጣ የሚታይበት ሶንጎ የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ አለ። መቅረጫ ይዞ የመጣው ሰው ግን ድምፁን ይዞ ይሄዳል። ተሳስቶ ቢቆርጥ የሚናድበት አፈር የለም። የካይሮዎቹ ሴቶች ዜማቸው የሙዚቃን ታሪክ ለወጠ ይባላል፤ መጻሕፍቱ የሚያነሡት ግን የሐሊምን ስም ነው። ሐሊም ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ ድምፅን ከባለቤቱ የሚለይ መሣሪያ ስለሆነ ነው። ሽቦው ላይ የተቀረጸ ሰው እንቢ ማለት አይችልም።

የሐሊምን የሙያ ዘመን ከመጀመሪያ ሥራው በላይ አስተማሪ የሚያደርገው ቀጥሎ የሠራው ነው፤ እሱንም የሠራው እኛው ዘንድ ነው። ከ1962 እስከ 1964 በአዲስ አበባው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆየ፤ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ቦታና ጊዜ የነበረው፣ በአንድ መድረክ ተሰበሰቡ። ያው የመምረጥና የማኖር ሥራ ነው፤ ልዩነቱ አሁን የተመረጡት ድምፆች ባለቤቶቻቸው አብረዋቸው መኖራቸው ነው። ባለ መሰንቆው አይሆንም ሊል ይችላል፤ ባለ ዋሽንቱ ዜማዬ እንዲህ አይደለም ብሎ ሊያርም ይችላል። ባህልን ከቦታው ነቅሎ ለትርዒት ያቀርባል የሚል ነቀፌታ በእንዲህ ያለ ስብስብ ላይ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ግን ነቀፌታው የሚሰማበት መድረክ መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሐሊም ከሄደ በኋላም ቡድኑ ሳይበተን በሙዚቀኛው በተስፋዬ ለማና በባልደረቦቹ እጅ ቀጠለ፤ በ1969 ብሉ ናይል ግሩፕ በሚል ስም አሜሪካን ዞረ። ከመሥራቹ ተለይቶ መኖር የቻለ ሥራ በእርግጥም ሌሎችን ያሳተፈ ሥራ ነበር።

ሌላው አደጋ ከመውሰድ ይልቅ ከመቀበል የሚመጣ ነው። የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ዲላ ውስጥ ዛሬ የተጀመረ አዲስ ነገር አይደለም፤ በየወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኑ መዘምራንን የሚያጅበው ኪቦርድ፣ በየሠርጉ የሚንቆረቆረው ምት ኤሌክትሮኒክ ነው። ኪቦርዱ ምቱን ከፋብሪካ ይዞ ይመጣል፤ ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው (ኦክታቭ) ያለውንም ርቀት አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ከፍሎ ይሰጣል። የሰው ጉሮሮ ለዚህ ክፍፍል አይገዛም፤ በመሀል ባሉት ስንጥቆች ይመላለሳል። ቁልፉን ተጭኖ የፋብሪካውን ምት የለቀቀ ሰው መረጠ ልንል እንችላለን ወይ? አንችልም፤ ምን እንደተወ አያውቅምና። መምረጥ እንቢ ማለትን ይጠይቃል፤ እንቢ ለማለት ደግሞ ሌላውን መስማት ያስፈልጋል።

ማሽኑን ይዞ እንቢ ማለት እንደሚቻል ያሳዩን አሉ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አንድ ካሴት ሠራ። የምት ማሽንና ሲንተሳይዘር ነበረው፤ ነገር ግን ከነሱ ጋር አኮርዲዮን ይዞ ገባ። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አኮርዲዮኑ እየተነፈሰ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የሰውየው ውሳኔ በሁለቱ መሀል ይሰማል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም የውጭ አገር ወጣቶች አዲስ ሥራ መስሏቸው ተቀበሉት። በ2014 የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞቹ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ በዋሽንግተኑ የሙዚቃ አሳታሚ በ1432 አር በኩል ያወጧቸው ሥራዎችም የአገር ቤትን ድምፅ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙት እየተከራከሩበት ነው። በ2018 ሙዚቀኛው ሮፍናን «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ ደግሞ ነገሩ ከጥቂት ወዳጆች ጆሮ ወጥቶ የአደባባይ ሆነ።

ነገ ከዲላ ኮምፒውተር ይዞ የሚነሣ ወጣት ሲመጣ፣ ሠሪ ነው አይደለም የሚለው ክርክር በሁለት ጥያቄ ሊያልቅ ይችላል። አንደኛ፣ ምን ተውክ? የእንሰት መፋቂያውን ድምፅ፣ የቡና መፈልፈያውን፣ የአያቱን ዜማ ቀርጾ ይሆናል፤ እነዚህን መቅረጽ ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ የሚችለው ነው። ከሰዓታት ቅጂ ውስጥ ለምን ይህቺን ብቻ እንዳስቀረ መናገር የቻለ፣ ሥራውን ሠርቶታል። ሁለተኛ፣ ለማን ትመልሳለህ? እዚህ ላይ ሕጉ ብቻውን አይበቃም። የቅጂ መብት አንድን ስም ያለው ሰው ይጠብቃል፤ የአንድ ቀበሌ ሰው በጋራ የሚያዜመውን ዜማ ግን ባለቤቱን ለይቶ ለመያዝ ይቸገራል። ስለዚህ ሙዚቀኛው ሕጉ ያልጫነበትን ራሱ መሸከም አለበት፤ ከመቅረጹ በፊት ማስፈቀድ፣ የሰጡትን ሰዎች ስም መጻፍ፣ ያለቀውን ሥራ መጀመሪያ ለእነሱ ማሰማት፣ ይህ አይነካም የተባለውን አለመንካት።

ሐሊም ኤል-ዳብ በ2017 በ96 ዓመቱ ሲሞት ከሰባ ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ኖሯል። ከዘመኑ ሁለቱን ምዕራፎች ብቻ ብንወስድ እንኳ ለእኛ ይበቃሉ፤ ካይሮ መተውን አስተማረችን፣ አዲስ አበባ መጠየቅን። መጀመሪያው ብቻ ያለው ሰው ጎበዝ ቆራጭ ነው። ሁለተኛውን የጨመረ፣ ያልዘራውን ድምፅ የኔ ሥራ ነው ቢል ማንም ሊከለክለው አይገባም፤ የጌዴኦ ገበሬ በራሱ የበቀለውን ብርብራ የኔ ነው ሲል እንደማንከለክለው ሁሉ። ማሽኑ ነው የሠራው የሚለው ወቀሳ የሚያርፈው እንቢ ማለትም መልስ መስጠትም በማይችል ሰው ላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ክራር ቢይዝም ወቀሳው አይለቀውም።