ስለ እውነት ስንከራከር ፍቅርን የት እናኖራታለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከከተማችን ከፍኖተ ሰላም ብዙ በማይርቅ ገጠር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አረፉ። ቤተሰባቸው ከምሥራቅ ጎጃም መጥቶ የሰፈረ ስለሆነ «የቅባት ዘር ናቸው» እየተባለ ይወራ ነበር። እኒህ ሰው በሕይወት ሳሉ ከጎረቤት ጋር ወንፈል ወጥተዋል፤ የተጣላ አስታርቀዋል፤ የቆሎ ተማሪ ከደጃቸው ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ባዶ እጁን አልሰደዱም። የልቅሶው ወሬ በደረሰን ጊዜ ግን ከመካከላችን ጥቂቶቹ «እንሂድ» ሲሉ፣ ሌሎቻችን «ሃይማኖቱ በሚያጠራጥር ሰው ልቅሶ ላይ ምን ልንሠራ?» አልን። ክርክሩ ሳይቋጭ ቀብሩ ተፈጸመ።

በሚቀጥለው እሑድ በጥያቄና መልስ ሰዓት አንድ ወንድማችን ተነሥቶ ሁለት ነገር ጠየቀ። «አባቶቻችን ስለ አንድ ቃል ያን ያህል የተከራከሩት ቃሉ በእውነት ያን ያህል ዋጋ ኖሮት ነውን? ዋጋ ካለውስ ቃሉን ያልተቀበለውን ሰው ልንጠላው ይገባናልን?» ጉባኤው ዝም አለ። ይህች አነስተኛ ጽሑፍ የተወለደችው ከዚያ ዝምታ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና እስቲ ከሥሩ እንጀምር። (ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» እንላለን።)

ለመጀመሪያው ጥያቄ «ሁሉም አንድ ነው፤ ዋናው ደግ መሆን ነው» የሚል ቀላል መልስ አለ። ይህ መልስ ሰላም ወዳድ ይመስላል፤ ነገር ግን አባቶቻችን የታገሉበትን ነገር ከማወቅ ድካም የሚያሳርፍ መልስ ነው። አርዮስ የእስክንድርያ ቄስ ነበር። ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበትም ጊዜ ነበር ብሎ አስተማረ። ነገሩ ለሰሚው የቃል ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ወልድ ፍጡር ከሆነ ያዳነን ፍጡር ነው ማለት ነው፤ ፍጡር ደግሞ ራሱ ከሌላ የተቀበለውን ሕይወት ለሌላው ምንጭ ሆኖ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት አበው ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብለው ወሰኑ። በ381 በቁስጥንጥንያ የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት፣ በ431 በኤፌሶን ደግሞ የድንግል ማርያምን ወላዲተ አምላክነት አጸኑ። እኛ በየቅዳሴው የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት የዚያ ድካም ፍሬ ነው። እንግዲህ ቃሉ ዋጋ አለው።

የገጠር ልጆች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በእርሻና በእርሻ መካከል የድንበር ድንጋይ ይተከላል። ድንጋዩ ምንም አያበቅልም፤ ጤፍም በቆሎም አይሰጥም። ድንጋዩ ከተነሣ ግን የማን እርሻ የት እንደሚያበቃ አይታወቅም፤ ከዚያም ጠብ ይመጣል። የጉባኤዎች ውሳኔም እንዲሁ ነው። የእምነትን እርሻ ይጠብቃል እንጂ እርሻው ራሱ አይደለም። ድንበሩን ጠብቆ እርሻውን ጦም የሚያሳድር ገበሬ ሞኝ ነው። በድንበር ሰበብ ጎረቤቱን የሚገድል ደግሞ ከሞኝም የባሰ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ የአበው ኑሮ ምን ያስተምረናል? ቅዱስ አትናቴዎስ ለኒቅያ ሃይማኖት ከማንም በላይ የታገለ አባት ነው። ነገር ግን አምስት ጊዜ ከመንበሩ የተሰደደው እርሱ ነበር። የንጉሥ ኃይል ዛሬ ለእውነት ቢቆም ነገ በእውነት ላይ ሊነሣ እንደሚችል በገዛ ሕይወቱ አይቶታል። ከስደቱ በተመለሰበት በ362 በእስክንድርያ አንድ ጉባኤ አደረገ። በዚያ ጊዜ ስለ ሥላሴ ሲናገሩ አንዳንዶቹ «ሦስት» የሚሉበትን የግሪክ ቃል ሌሎቹ «አንድ» ይሉበት ነበር። አንዱ ሌላውን መናፍቅ ሊለው ሲዘጋጅ ጉባኤው አስቀድሞ «አንተ ይህን ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ሁለቱንም ጠየቀ። ሲመረመር ሁለቱም ወገኖች አርዮስንም ሥላሴን የሚቀላቅለውንም ይክዱ ነበር። ቃላቸው ተለያየ እንጂ እምነታቸው አልተለያየም። ቅዱስ ቄርሎስም በኤፌሶን ጉባኤ ጊዜ ከአንጾኪያው ሊቀ ጳጳስ ከዮሐንስ ጋር ተለያይቶ ሳለ ከሁለት ዓመት በኋላ በ433 ታረቀ። ሃይማኖቱን አልሸጠም፤ የወንድሙን ቃል ግን በበጎ ተርጉሞ ተቀበለ።

በ451 በኬልቄዶን ይህ ትዕግሥት አልተገኘም። ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስ ከመንበሩ ተሻረ፤ ወደ ጋንግራ ተጋዘ፤ በዚያም በ454 ዐረፈ። ከዚያ የተነሣው መለያየት እስከ ዛሬ አልሻረም።

ይህ ሁሉ ከእኛ አገር ውጭ የሆነ ነገር አይምሰለን። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ባደረጉት ጉባኤ ስለ ቀዳሚት ሰንበት ብዙ ዘመን ተለያይተው የነበሩት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቤትና የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤት ታረቁ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ዳሩ ግን በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ ብርቱ ስቃይ ያደረሱትም እኒሁ ንጉሥ ናቸው። አንዱ እጅ አስታረቀ፤ ሌላው እጅ ቀጣ።

ወደ አካባቢያችንም እንምጣ። በሰከላ ያለውን የግሽ ዓባይን ምንጭ በ1618 ያየው ጴጥሮስ ፓኤዝ የሮም ካቶሊካዊ ካህን ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በእርሱ ትምህርት በ1622 የሮምን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ጎጃምን የሚገዛው ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስም ከእርሳቸው ጋር ሆነ። ሕዝቡ ግን አልተቀበለም። በዳሞት በቀዳሚት ሰንበት ምክንያት ተነሣ፤ በጦርም ተቀጣ። በመጨረሻ በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ገበሬ አለቀ። በሜዳው የወደቁት ሁሉ የንጉሡ የገዛ ሕዝብና ክርስቲያኖች ነበሩ። ሱስንዮስ ከዚህ ድል በኋላ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ድሉ በእጃቸው ሳለ ድል አለመሆኑን አዩ።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንቶቻችን ለካቶሊካውያን መልስ ሲያዘጋጁ እርስ በርሳቸው ተለያዩ። ጥያቄው በሐዋርያት ሥራ 10፥38 ጌታ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የተባለው እንዴት ይተርጐማል የሚል ነበር። ቅባቶች ሥጋ የከበረው፣ የባሕርይ ልጅም የሆነው በመንፈስ ቅዱስ ቅባትነት ነው አሉ። ጸጋዎች ሥጋ በመንፈስ ቅዱስ ጸጋ የልጅነትን ክብር አገኘ፣ ይህም ሦስተኛ ልደት ነው አሉ። ተዋሕዶዎች ሥጋ የከበረው ከቃል ጋር በመዋሐዱ ነው፣ ልደቱም ሁለት ነው አሉ፤ ይህም የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ነው። ሦስቱም ወገኖች ግን በሥላሴ ያምናሉ፤ ሦስቱም ድንግልን ወላዲተ አምላክ ይላሉ፤ ሦስቱም ኬልቄዶንን አይቀበሉም። የሚበዛው የሚያስማማቸው ሆኖ ሳለ ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር ፍርዱ ይለወጥ ነበር። ታላቁ ኢያሱ በቅባቶች ላይ ፈረዱ፤ ቴዎፍሎስ ለቅባቶች አደሉ። በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን (1716–1721) ደግሞ ጉባኤው ለቅባቶች ሲፈረድ አንቀበልም ባሉት የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት ላይ ወታደር ታዞባቸው በጎንደር ታረዱ።

በመጨረሻ ዐፄ ዮሐንስ ራብዓይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በ1870 ዓ.ም. (1878) በወሎ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ተዋሕዶ የአገር ሁሉ ሃይማኖት እንድትሆን ተፈረደ። በፍርዱ እኛ ደስ ይለናል፤ ትምህርቱ ትምህርታችን ነውና። ዳሩ ግን እምቢ ባሉት አንዳንዶቹ ላይ ምላስ እንዲቆረጥ መደረጉን ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። በዚህስ ደስ ሊለን ይገባልን?

«ንጉሡ ምን ያድርጉ? ሃይማኖት ሲከፈል አገር ይከፈላል» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት ነው፤ ያን ዘመን በእኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን በቀላሉ መፍረድ አይገባንም። ነገር ግን ፍሬውን እንመልከት። ከቦሩ ሜዳ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ ሄደ፤ የቅባት ስም ግን በጎጃም ዛሬም ይነሣል። ሰይፍ ዝምታን አመጣ፤ እምነትን አላመጣም። ሊያመጣም አይችልም። በጥምቀት ጊዜ ካህኑ የሚጠመቀውን ወይም ክርስትና አባቱን እምነቱን በአፉ እንዲመሰክር ያደርገዋል። ቤተ ክርስቲያን ምስክርነቱን የምትጠይቀው በፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ ነው። ምላሱ የተቆረጠ ሰው እንኳንስ ክህደቱን ሊተው፣ ቢያምንም «አምናለሁ» ሊል አይችልም።

ሌላው ወንድም ደግሞ «እንግዲያውስ ውግዘት ይቅር ልትሉ ነውን?» ይላል። አይደለም። ውግዘት «ይህ ትምህርት የእኛ አይደለም» ማለት ነው፤ የድንበር ድንጋይ ነው። የተወገዘውም ንስሓ ቢገባ በሩ ክፍት ነው። ሰይፍ ግን «ከእንግዲህ ወዲህ አትኖርም» ማለት ነው፤ የንስሓን ዕድሜ ይቆርጣል። ስድብና ንቀትም ምላስን ያለ ካራ ይቆርጣሉ። እኛ ሰይፍ የለንም፤ ምላስ ግን አለን። «ቅባት» የሚለውን የአንድ የትርጓሜ ወገን ስም እንደ ስድብ ስንወረውር ነገሩን ከመመርመር ይልቅ ሰውዬውን መምታት መርጠናል።

በአካባቢያችን የቅኔ ቤት የተማሩ መምህራን አንድ ነገር ያስታውሱናል። ተማሪው በቅኔው ምሥጢር ከጓደኛው ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ይከራከራል። አንዱም አይለቅም። ሲነጋ ግን ሁለቱ በአንድ ጎጆ ሆነው የለመኑትን ኮቸሮ ተካፍለው ይበላሉ። ክርክሩ የጦፈው ሁለቱም እውነቱን ስለፈለጉ ነው፤ ኮቸሮውን የተካፈሉት ደግሞ አንዱ ያለ ሌላው ስለማይማር ነው።

ይህ መንገድ በታላላቆቹም ዘንድ ተሞክሯል። በ1965 የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። በ1964 በዴንማርክ በአርሁስ ከተማ የተጀመረው የእኛና የኬልቄዶናውያን ኦርቶዶክሳውያን ሊቃውንት ውይይትም በ1971 በአዲስ አበባ ቀጥሏል። ከዐሥራ አምስት መቶ ዓመት በኋላ አትናቴዎስ የጠየቀውን «ምን ማለትህ ነው?» ብለው ተጠያየቁ፤ ስለ ክርስቶስ ያላቸውም እምነት ከጠበቁት በላይ የተቀራረበ ሆኖ አገኙት። አንድነቱ ገና አልተፈጸመም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሰይፍ ያልሠራውን ሊሠራ እንደሚችል ታየ።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ለጠየቀን ወንድማችን ያገኘነው መልስ ይህ ነው። ቃሉ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ እንማረው። ሳንማር ፈራጅ አንሁን፤ ፍርዱ የአባቶች ነው። ከመፍረድ በፊት እንጠይቅ። ተጠይቆ፣ ተረድቶ፣ አሁንም አልቀበልም የሚል ቢኖርስ? የቤተ ክርስቲያን ደፍ አለ፤ ደፉን አናጠፋም። ከደፉ ውጭ ያለው ሰው ግን ጎረቤታችን መሆኑን አላቆመም። ወንፈሉ ወንፈላችን ነው፤ ልቅሶውም ልቅሶአችን ነው። ጌታችን ስለ ባልንጀራ ሲጠየቅ ምሳሌ ያደረገው ሳምራዊውን ነበር (ሉቃ. 10፥30–37)፤ አይሁድና ሳምራውያን ደግሞ በሃይማኖት የተለያዩ ነበሩ።

የምንኖርባት ከተማ ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። በመንገዱ ካልሄድንበት ስሙ ብቻ አይጠቅመንም።

ከዚያ እሑድ በኋላ በሽማግሌው የአርባ ቀን ተዝካር ላይ ሄድን። ያልሄድነውም የከለከልነውም አብረን ሄድን። ባለቤታቸው «መጣችሁልን» አሉን እንጂ ስለ ቀረንበት ቀን አንድ ቃል አልተናገሩም። እኛም ስለ ቅባት አንድ ቃል አልተናገርንም። የሚነገርበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ግን አስቀድመን መክፈል የሚገባን የልቅሶ ዕዳ ነበረብን።

እግዚአብሔር አምላክ እውነትን ከፍቅር ሳንለይ የምንይዝበትን ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።