ለኢኮሎጂ ፋይናል ለምትቀመጡ

ልጆቼ፣ ፋይናል ሲቃረብ የዶርሙ መብራት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚበራ አውቃለሁ፤ እኔም አልፌበታለሁ። በተማሪነቴ የኢኮሎጂን ሀንድአውት ከዳር እስከ ዳር ሸምድጄ ነበር ፈተና የገባሁት። የ«ኒች»ን ትርጉም ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር እወጣው ነበር። ፈተናው ግን ትርጉም አልጠየቀኝም። አንድ ግራፍ አስቀምጦ «መስመሩ እዚህ ጋ ለምን ጎበጠ?» አለኝ። ሲ አገኘሁ፤ እሷም በምሕረት ነው።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፦ ያነበባችሁትን የምታውቁት መሬት ላይ ትከሉት።

ማክአርተርና ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሙትን የደሴቶች ንድፈ ሐሳብ እንውሰድ። ትልቅ ደሴት ብዙ ዝርያ ይይዛል፤ ከዋናው ምድር የራቀው ደግሞ ጥቂት ይደርሰዋል። ባሕር አይቶ ለማያውቅ ልጅ ይህ ተረት ነው። እስቲ ደቡብ ጎንደር ከአንድ ኮረብታ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ተመልከቱ። በታረሰው ማሳ መካከል እዚህም እዚያም አረንጓዴ ክብ ይታያችኋል፤ በየመሐሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። ደሴቱ እሱ ነው፤ ባሕሩ የጤፍ ማሳው። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ጫካው ሲያንስ ምን ይሆናል? ከመሐሉ ይልቅ ጠርዙ ይበዛል። በጠርዙ ፀሐይና ነፋስ ይገባል፣ ከብት ችግኙን ይረግጣል። አንዳንድ ደብሮች ዙሪያውን የድንጋይ ካብ የሚክቡት ለዚህ ነው። እናንተ በሀንድአውቱ «ኤጅ ኢፌክት» የምትሉትን ካህናቱና ገበሬው በካብ ይከላከሉታል።

የኃይል ፒራሚዱንም ባሌ፣ ሳነቲ ላይ አቁሙት። ከታች ሣሩ፣ ከላዩ ፍልፈሉና አይጡ፣ ከሁሉ በላይ ቀይ ቀበሮው። ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው ኃይል በግምት አንድ አሥረኛ ነው፤ ሣሩ 10,000 ኪሎ ካሎሪ ቢያበጅ ፍልፈሉ ጋ 1,000፣ ቀበሮው ጋ 100 ይደርሳል። ግን ተጠንቀቁ! «ቀይ ቀበሮ ለምን 500 ገደማ ብቻ ቀረ?» ተብላችሁ በፒራሚዱ ብቻ ከመለሳችሁ ግማሽ ማርክ ነው የምሰጣችሁ። ወደ ደጋው የሚገፋው እርሻና ግጦሽ፣ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታስ? ጥሩ ፈታኝ የሚፈልገው ሁለተኛውን ምክንያት ነው።

ስሌቱን በዓይን አታጥኑ። እንስሳን ምልክት አድርጎ መልሶ በመያዝ መቁጠርን በሽምብራ ሞክሩት። ከአንድ ሳህን ሽምብራ 50ውን በስክሪብቶ ነጥቡና መልሳችሁ ቀላቅሉ፤ ከዚያ 40 ዝገኑ። ነጥብ ያለባቸው 10 ከሆኑ፣ 50 በ40 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 200 ይሆናል። ቀጥላችሁ የአንዳንዱን ነጥብ በምራቅ አጥፉና ድገሙት፤ ግምቱ ከእውነቱ በላይ ይጋነናል። ይህችን ጥያቄ ፈታኞች ይወዷታል።

ያ ሲ ያስያዘኝ ግራፍ ደግሞ የሕዝብ ብዛት እድገት ነበር። መስመሩ እየፈጠነ ሽቅብ የሚወጣው የአካባቢው የመሸከም አቅም ግማሽ እስኪደርስ ነው፤ እድገቱ ከሁሉ የሚፈጥነው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ምግቡና ቦታው እየጠበበ ይጎብጣል። ይህን ለመረዳት ከፈተናው በኋላ አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ለዶርም ጓደኛችሁ አስረዱት። እሱ ካልገባው እናንተም ገና ናችሁ። የባለፈውን ዓመት ጥያቄ የምታሳድዱትም፣ ሥሩት እንጂ መልሱን አትሸምድዱ፤ መምህሩ ቁጥሩን ይለውጠዋል።

በሉ፣ በዋዜማው ምሽት ሀንድአውቱን ዝጉና በጊዜ ተኙ። ካልኩሌተራችሁንም ማታውኑ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፤ ፈተና ክፍል ውስጥ መዋዋስ አይፈቀድም።