የከርሞውን መኪና ስለ መጠበቅ

መኪና ለመግዛት ዐቅም ያገኘ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳያጋጥመው አይቀርም። ይኸውም «አሁን ልዘዝ ወይስ የከርሞው ሞዴል እስኪወጣ ልታገሥ?» የሚለው ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሻጭና የገዥ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ጠልቀው ሲመረምሩት ግን ሰው ከጊዜው፥ ከምኞቱና ከቤተ ሰቡ ጋራ እንዴት መኖር እንደሚገባው የሚጠይቅ የግብረ ገብ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ዘወትር የሚነሣ ስለ ሆነም ጥቂት ብንመራመርበት ጊዜያችንን በከንቱ አጠፋን አያሰኝም።

በመጀመሪያ የታጋሹን ወገን ክርክር እንስማ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ ከውጭ አገር አዲስ የቤት መኪና ማዘዝ ማለት በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ማዘዝ ማለት ሆኗል። ከዚህ መኪና ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው። የባትሪ ዋጋ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ የነበረው፥ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 115 ዶላር ገደማ ወርዷል። «እንዲህ እየረከሰ፥ በአንድ ሙሌት የሚጓዘውም ርቀት እየረዘመ የሚሄድ ዕቃ ለመግዛት ምን ያጣድፋል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ታጋሹ።

ቸኳዩም መልስ አያጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። «ባትሪው በባሕር ማዶ ቢረክስ፥ ብሩ በአገር ቤት ከረከሰ የታጋሹ ትርፍ የት አለ?» ሲል ይጠይቃል።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ክርክራቸውን የመሠረቱት ማንም በማያውቀው በመጪው ዓመት ዋጋ ላይ ነው። ዋጋው ቢወርድ ታጋሹ ብልህ ይባላል፤ ቢወጣ ደግሞ ቸኳዩ ይመሰገናል። ነገር ግን በወሰኑበት ቀን የሁለቱም ዕውቀት እኩል ነበር። እንግዲያስ ኋላ በደረሰው ዕድል ሰውን ብልህ ወይም ሞኝ ማለት ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። ውሳኔ ሊመዘን የሚገባው፥ ሰውዬው በወሰነበት ሰዓት ምን ያውቅ፥ ለማንስ ያስብ እንደ ነበረ በመመርመር ነው።

ከዚህም ሌላ «የከርሞው ሞዴል» የሚባለው ነገር ከወዴት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። ሄንሪ ፎርድ «ሞዴል ቲ» የተባለውን መኪና ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ኖሮ ከ15 ሚሊዮን በላይ አውጥቷል። በዚያው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ጄኔራል ሞተርስ በአልፍሬድ ስሎን መሪነት የመኪናን መልክ በየዓመቱ መለወጥን ልማድ አደረገ። የዚሁ ኩባንያ የምርምር ኀላፊ የነበረው ቻርልስ ኬተሪንግም በ1929 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፥ ገዥው ባለው ነገር እንዳይረካ ማድረግ ለኢንዱስትሪ ዕድገት የሚበጅ መሆኑን በግልጥ አስረድቷል። ከዚህ የምንማረው የከርሞውን መኪና የመመኘት ስሜት ከራሳችን ችግር ብቻ የሚመነጭ አለመሆኑን ነው፤ ከፊሉ ከመኪናው ጋራ አብሮ በፋብሪካ ይሠራል።

«ከርሞ የተሻለ ይወጣል» የሚለው ቃል ዘንድሮ እውነት ነው፤ ከርሞም እውነት ይሆናል፤ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። በየዓመቱ እውነት የሆነ ምክንያት ግን አንዱን ዓመት ከሌላው ለይቶ ሊያስመርጥ አይችልም። በዚህ ምክንያት ብቻ የሚጠብቅ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የተባለለት ነው። እንዲህም ስል መጠበቅ ሁሉ ስንፍና ነው ማለቴ አይደለም። ዕዳው ተከፍሎ የሚያልቅበትን ወር፥ ዕቁቡ የሚደርስበትን ቀን፥ ወይም በሰፈሩ የባትሪ መሙያ የሚተከልበትን ጊዜ የሚጠብቅ ሰው፥ ስሙና ቀኑ የታወቀ ነገር ይጠብቃልና ትዕግሥቱ ልክ ነው።

ነገር ግን የጥያቄው ዋና ሥር ከዚህም ጠልቆ ይገኛል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ካዛንቺስን እንመልከት። ስሙ በወረራው ዘመን ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት የመጣ ነው፤ ሰፈሩ በስሙም ቢሆን የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር ነው። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ነባሮቹ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ፥ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ተዛወሩ። የኡራኤልን ደጅ ተሳልሞ በእግሩ ሥራው ይገባ ለነበረ ሰው፥ የደቂቃዎች መንገድ የታክሲ ጉዞ ሆነ። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ መኪና ጌጥ ሳይሆን ከሐኪም፥ ከትምህርት ቤትና ከዕድር የሚያገናኝ ድልድይ ነው።

ታዲያ አባወራው «አንድ ዓመት ልታገሥ» ሲል የሚታገሠው ማን ነው? እርሱን የመንግሥት ሠራተኞች አውቶቡስ ያመላልሰዋል። በማታ በታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆመው ሚስቱ ናት፤ ለሐኪም ቀጠሮ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሡት እናቱ ናቸው። እንዲሁም በብድር ተጣድፎ የገዛ እንደ ሆነ፥ ዕዳው የሚከፈለው ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና ከእናት መድኀኒት ላይ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል። በትዕግሥትም በችኮላም በኩል፥ ወሳኙ አንድ ሲሆን ከፋዩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በደሉ ያለው በዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የዋጋውን ሰሌዳ ከመመርመር አስቀድሞ «የመጠበቁን ዋጋ ማን ይከፍላል? የመቸኮሉንስ?» ብሎ መጠየቅና ከፋዮቹን በምክር ላይ ማስቀመጥ ይገባል። በዚህም ጊዜ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአገራችን እናት ስትጠየቅ «ተወው ልጄ፥ እኔ ችዬ እኖራለሁ» ማለት ልማዷ ነው። ይህን ቃል እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ምኞቱን የሚከተል ልጅ፥ ከእናቱ የተበደረውን ትዕግሥት እንደ ራሱ ሀብት መቍጠሩ ነው። አፏ የተናገረውን ሳይሆን ጕልበቷ የሚችለውን ሊመረምር ይገባዋል።

ለአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ «ዘንድሮ ወይስ ከርሞ» ብሎ መምረጥ ራሱ ያልደረሰበት ዕድል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ምርጫው የደረሰው ሰው በዝናብ ቀን ባዶ ወንበር ይዞ በጎረቤቱ ፊት እንዳያልፍ ይህን ማስታወሱ ይበጃል።

ከተወሰነ በኋላ ግን ወደ ኋላ ማየት አይጠቅምም። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንደ ተባለ፥ የከርሞው ሞዴል ሲመጣ የዘንድሮው ማርጀቱ አይቀርም። ቢሆንም በዓመቱ ውስጥ በሰዓቱ ሐኪም ዘንድ የደረሰች እናትና ሳይመሽ ቤቱ የገባ ልጅ ያገኙትን የሚሽር አዲስ ሞዴል የለም።