ጉድለትን መመዘን

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ሁሉ ሰሊጥ ሳይመዘን አይሸጥም። ኩንታሉ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ገለባውና አፈሩ ይታያል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን ማገበያየት ሲይዝ ደግሞ ምርቱ በናሙና እየታየ ደረጃ ይወጣለት ጀመር።

ውድ አንባቢያን! ለሰሊጣችን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ራሳችንንስ መቼ መዘንን? በሙያችንና በኑሯችን ምን ይጎድለናል? ያንንስ በምን እናውቃለን?

ብዙዎቻችን መልሱን ከጎረቤት እንለቅማለን። እገሌ ልጁን ኮምፒውተር አስተማረ ሲባል እኛም እንከተላለን፤ እገሊት ቋንቋ ተማረች ሲባል እኛም እንመዘገባለን። መማር መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የሌላው ጉድለት የእኛ ላይሆን ይችላል። የእኛን ጉድለት የሚነግረን የእኛው ኪሳራ ነው። እርሱን ተከትለን እስከ ምንጩ መሄድ ይገባናል።

ሰሊጡን እንውሰድ። ከታች ያሉት የፍሬ ከረጢቶች ቢጫ መሆን ሲጀምሩ ካልታጨደ፣ ከረጢቱ ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። አንድ ገበሬ በየዓመቱ ሰሊጡ ቢረግፍበት ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል። የአጨዳውን ምልክት አያውቅ ይሆናል፤ ይህ የዕውቀት ጉድለት ነው። ወይም ምልክቱን እያወቀ ሠራተኛውን በጊዜው አዘጋጅቶ ማሰማራት አልለመደም፤ ይህ የልምድ ጉድለት ነው። ወይም ሁለቱንም ይችላል፤ ነገር ግን አምና የሠራተኛውን ደመወዝ አስቀርቷልና ዘንድሮ የሚመጣለት የለም፤ ይህ የአማና ጉድለት ነው።

ለመጀመሪያው ዐዋቂ መጠየቅ ይበቃል። ለሁለተኛው ከሚችል ሰው ጋር እየሠሩ መልመድ ያሻል። ሦስተኛውን ግን የትኛውም ሥልጠና አይፈውሰውም፤ መድኃኒቱ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስና ተውበት ነው። ጉድለቱን ሳይለዩ ትምህርት ማሳደድ ለካላዛር የወባ ኪኒን እንደ መዋጥ ነው።

ይህ ደግሞ በዚያ ቆላ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ሜዳ ላይ ሲያድር የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች። ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት በላይ ይዘልቃል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ሆዱ ያብጣል። አሠሪው «ወባ ነው፤ ይለቀዋል» እያለ ቢያቆየውስ? ያልታከመ ካላዛር ይገድላል። አሠሪው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ አለማወቁ ግን የሌላውን ነፍስ ነካ።

እንግዲህ ጉድለታችን ብዙ ሆኖ ጊዜያችን ጥቂት ቢሆን የቱን እናስቀድም? ገቢ የሚጨምርልንን ነውን? አይደለም። ባለማወቃችን ሌላ ሰው የሚጎዳበትን እናስቀድም። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) የንግድን ሕግ ያልተረዳ ሰው በገበያቸው እንዳይነግድ ማዘዛቸው ተዘግቧል። ነጋዴው ሳያውቅ የሚሳሳተው ስሕተት በገዢው ላይ ያርፋልና።

«ራሴን በራሴ ልመዝን እችላለሁን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ብቻውን የሚችል የለም፤ ዐይን ራሷን አታይምና። ስለዚህ ጉድለታችን የሚያርፍባቸውን እንጠይቅ። አሠሪ ሠራተኛውን፣ ነጋዴ ደንበኛውን፣ መምህር ተማሪውን፣ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው፣ ወላጅም ልጁን ይጠይቅ። ከበታች ሰው መስማት ለነፍስ ይከብዳል፤ ሆኖም ሸክሙን የሚያውቀው የተሸከመው ነው። የሚነግረን ሰው እንዳይፈራን መጀመሪያ ቁጣችንን እንያዝ።

ውድ አንባቢያን! በአዝመራው መጨረሻ የሒሳብ ደብተራችሁን ስትዘጉ አንድ ገጽ ለራሳችሁ ተዉ። የደረሰውን ጉዳት ጻፉ፤ አጠገቡም «ዕውቀት፣ ልምድ ወይስ አማና?» ብላችሁ ለዩ፤ ማን እንደተጎዳበትም አስፍሩ። ከዚያም ሰው በብርቱ ከተጎዳበት ጀምሩ። ለከርሞ ያንኑ ገጽ ገልጣችሁ ያው ጉዳት በዚያው ሰው ላይ ተደግሞ ብታገኙት፣ ዓመቱ አለፈ እንጂ እኛ አልተማርንም ማለት ነው።

አላህ ጉድለታችንን የምናይበት ዐይን፣ የምናርምበትም ብርታት ይስጠን። አሚን።